ሸምሶ ደም ትፈልጋለች

ሸምሶ ዋበሪ አዲስ አበባ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን ባለጌ ተብላ ተከሰሰች። ምን አድርጋ? ኧረ ምንም! ሽበታሙን የባዮሎጂ መምህሯን በጠዋት አገኘችውና "ደህና አደርክ?" አለችው፤ በቃ። ልጅቷ የድሬ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ውስጥ ሹሙም አንተ፣ ሼኹም አንተ፣ ጋሪ ነጂውም አንተ ነው። "እርስዎ" የሚባለውን ነገር ባቡሩ አዋሽን ሲሻገር አራግፎት ነው የሚመጣው። መምህሩ የደጋ ሰው ነውና ፊቱ በርበሬ መሰለ። ደግነቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከየት እንደመጣች ሲነግሩት ሳቀና ተወው። ኋላማ እሱ ራሱ "ምነው ሸምሶ፣ ዛሬ አንተ አላልሽኝም፤ ተቀየምሽኝ እንዴ?" እያለ ያበሽቃት ጀመር።

ይሄ የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው። የያዘችው ትምህርት ለአገር ሰው ለማስረዳት የሚያዳግት ነበር። ስለ ደም፣ ስለ ተሕዋስያን፣ በሽታ ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ራሱ አያክምም፤ ሐኪሙ ግን ያለ እሱ ይደናበራል። እናቷ ሃሊሞ ለጎረቤት ስታወራ፣ "ልጄ በመስታወት አጮልቃ በዐይን የማይታየውን ታያለች" ትላለች። ጎረቤት ደግሞ "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ ትከሻውን ይይዛል።

ሸምሶ ትምህርቱን ወደደችው፤ አዲስ አበባን ግን እንጃ። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ሰው ሁሉ ኮቱን ቆልፎ፣ ነገሩንም ቆልፎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ልቧ ድሬ ነው። እናንተዬ፣ የዚያን ዘመኗን ድሬ ያየ ሰው እንዴት ብሎ ሌላ ቦታ ይለምዳል! የከዚራ ሠፈር ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ያለብሱታል። የጋሪ ፈረሶች ቃጭል፣ ከመጋላ ጣፋጩ ሙሸበክ በዘይት ሲጠበስ የሚመጣው ሽታ፣ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል የሚወርደው ጸጥታ፣ ከዚያ ደግሞ አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ሁሉ ተከፍቶ በአምስት ቋንቋ የሚነሣው ጫጫታ! ሸምሶ ይሄን እያሰበች መኝታ ክፍሏ ውስጥ ዕንባዋን የጠረገችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ተምራ፣ ጨርሳ፣ ድሬ ተመልሳ እዚያው ሆስፒታል ደም መርማሪ መሆን።

መመለሱ ግን በእጇ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ደንብ እንዲህ ነው፦ በማዕረግ የተመረቀ የሚሠራበትን ከተማ ራሱ ይመርጣል፤ ሌላው ዕጣ ወደጣለው ይሄዳል። በማዕረግ ለመመረቅ ደግሞ ጥሩ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ በመጨረሻው ዓመት ዋዜማ፣ በክረምቱ፣ ተማሪው የራሱን ጥናት ሠርቶ መምጣት አለበት። ሸምሶ የመረጠችው የድሬን ንዳድ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ጣቱን ተወግቶ አንድ አንድ ጠብታ ደም ይሰጣታል፤ እሷ በብርጭቆ ላይ አድርቃ፣ ቀለም ውስጥ አጥልቃ፣ ወባው ማን ላይ እንዳለ ትመረምራለች። ሁለት መቶ! አንድ ቢጎድል መምህሩ እንደማይቀበላት ቁርጡን ነግሯታል።

አባቷ ዋበሪ ነገሩን ሲሰማ ግራ ገባው። ዋበሪ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ለሁርሶ ወታደሮች እህልና እንጨት ሲያመላልስ የኖረ። እሱ የሚያውቀው ማዕረግ ሁርሶ ያየውን ነው።

"አቦ ሸምሶ፣" አላት፤ አቦ አባት ማለት ነው፤ የሱማሌ አባት ልጁንም እንዲሁ ብሎ ነው የሚጠራው፤ "ማዕረጉን ሲሰጡሽ ኮከቡ ትከሻ ላይ ነው የሚደረገው? ሴትም ሻለቃ ትሆናለች?"

"ኧረ አቦ፣ ይሄ የወታደር አይደለም!"

"ሻለቃ ባትሆኝም መቶ አለቃነት አታጪም" አለና ዞር ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ያ ሰፈር ለዓመታት "መቶ አለቃ ሸምሶ" ሲላት ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ ወርሳሜ ሳይነገር አይታለፍም። ወርሳሜ የዋበሪ ታናሽ ወንድም ነበር። ሸምሶን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ በመኪና በር ላይ በተጻፈው ጽሑፍ። "ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ትግባ" ብሎ ከዋበሪ ጋር አንድ ሳምንት የተኳረፈውም እሱ ነው። በ1948 ክረምት፣ የደቻቱ ወንዝ በመጣ ቀን፣ አብዲቃድር በሚባል የሠፈር ሰው መኪና ተሳፍሮ ከመልካ ጀብዱ ይመለስ ነበር። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰማዩ እዚህ ጥርት እንዳለ ከተራራው ላይ ይመጣና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ወርሳሜ "እንጠብቅ" አለ። አብዲቃድር "እንቀድመዋለን" አለ። አልቀደሙትም። አብዲቃድር ወጣ፤ ወርሳሜ አልወጣም።

በሱማሌ ደንብ ለጠፋ ነፍስ ማግ ይከፈላል፤ የደም ካሳ ማለት ነው፤ ድሮ በግመል ነበር፣ አሁን በገንዘብ ነው። ከፋዩም አጥፊው ብቻውን አይደለም፤ ዘመድ አዝማዱ በሙሉ እየተዋጣ ነው። የአብዲቃድር ወገኖች ማጉን ይዘው ሦስት ጊዜ መጡ። ዋበሪ ሦስቱንም ጊዜ መለሳቸው። "የወንድሜን ዋጋ ቆጥሬ አልቀበልም" አለ። በቀልም አልፈለገ፤ እርቅም አልፈለገ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። የአብዲቃድርን ስም ካፉ አውጥቶት አያውቅም፤ "ያ ሰውዬ" ነው የሚለው። ደቻቱንም ከዚያ ወዲህ አሸዋውን ረግጦ ተሻግሮት አያውቅም፤ ፀሐይ እየፈጀው በድልድዩ ይዞራል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በ1957 ክረምት ሸምሶ ማይክሮስኮፑን በጥቁር ሳጥን፣ ሳጥኑን በጭኗ ላይ አድርጋ በባቡር መጣች። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አቅፋው ነው የመጣችው። ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋች፤ መርፌዋን፣ ጥጧን፣ ብርጭቆዎቿን ደረደረች። ከዚያ በየቤቱ እየዞረች መለመን ጀመረች።

ማን ይስጣት! "ደሜን ምን ልታደርጊው ነው?" ይላሉ። "ለባቡሩ ዘይት ሊያደርጉት ነው" ያለም ነበር። አንዷ ባልቴት በሩን በጭላንጭል ከፍታ፣ "ልጄ፣ እኔ ያለኝ ለራሴም አልበቃኝ" ብላ መልሳ ዘጋችው። ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን ሸምሶ ብርጭቆዎቿን ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። ከሃያ ሦስቱ ስድስቱ ቤተሰቦቿ ናቸው። የመመለሻ ባቡሯ ጳጉሜን ሁለት ነው። የማታውቀው አገር ተመድባ፣ ዓመት በዓልን በፖስታ ስታሳልፍ ታያት።

ዕንባዋን ያየ ገዲ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ገዲ የዋበሪ መኪና ጫኝና አውራጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፤ ልቡ ማር፤ ጉሮሮው መለከት። ከዚህኛው ዳርቻ ሆኖ ሲጠራህ እዚያኛው ዳርቻ ያለው ሰው ነው "አቤት" የሚለው።

"ምን ያስለቅስሻል? ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?" አላት።

"ሂድና ለሰው ንገርልኝ ገዲ" አለች ተስፋ ቆርጣ። "ለምርመራ ደም እንደምፈልግ፣ መሣሪያ ይዤ እንደመጣሁ፣ እስከ ጳጉሜን ሁለት ካላገኘሁ እንደማይሆንልኝ አስረዳቸው።"

"ሐዬ!" አለና ተነሣ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ገዲ በቀጥታ መጋላ ገበያ ገባ። ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆመ። ሱማሌውም ኦሮሞውም ሐረሪውም አማራውም እንዲሰማ በአማርኛ ይሁን አለ። የገዲ አማርኛ ደግሞ ያው የገዲ አማርኛ ነው፤ ረጅሙን ነገር አይወድም። "ለምርመራ" የምትለዋን ቃል መንገድ ላይ ጥሏት ደርሷል።

"ስሙ! ስሙ!" አለ። "የዋበሪ ልጅ ሸምሶ ከአዲስ አበባ መጣች! ደም ትፈልጋለች! መሣሪያ ይዛለች፤ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው! እስከ ጳጉሜን ሁለት ካላገኘች ነገሩ አይሆንም!"

ወይ ጉድ! ገበያው ቀጥ አለ። አማራው "ደመኛዋን ልትገድል ነው" አለ። ኦሮሞው "የደም ጉማ ልትጠይቅ ነው" አለ። ሱማሌው ማንን እንደምትፈልግ ጭምር ያውቃል፤ "የወርሳሜ ደም ነው! ዘጠኝ ዓመት ዝም ያሉት ልጅቷ እስክትማር ነበር!" ተባለ። አንዲት የዘይቱን ፍሬ የምትሸጥ ሴት ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ወደ አብዲቃድር ቤት ሮጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ገዲ ሙሸበኩን ገዝቶ እየበላ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው መልካ ጀብዱ ገብቶ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሸምሶ ኒሙ ሥር ተቀምጣ፣ ያሉዋትን ብርጭቆዎች ሳንቃ ላይ ዘርግታ ዝንብ ታባርራለች። ዝንብ የሚደርቅ ደም ይበላል፤ ለዐይን ጥቅሻ ከዘነጋች ሃያ ሦስቱ ሃያ ሁለት ይሆናሉ። በሩ ተከፈተ። ዐሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሁለት ሙክት እየጎተቱ ገቡ። ፊት የሚመራው ሁሉም አዴር፣ አጎቴ፣ የሚለው ዒጋል ነው፤ ቃሉ የሚከበር፣ ስንት ቤት ያስታረቀ ሰው። ግማሾቹ ኦሮሞዎች ስለነበሩ ንግግሩ በአማርኛ ሆነ። ዋበሪ ከቤት ወጣና አፉን ከፍቶ ቆመ።

"ሸምሶ ልጄ፣" አለ ዒጋል በዝግታ፣ "ደም የፈለገ ሰው መብቱ ነው። አንከለክልሽም። ግን በአላህ፣ መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀምጪና እንነጋገር።"

"መሣሪያው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው አዴር" አለች ሸምሶ።

ሁሉም ዞረው ማይክሮስኮፑን አዩት። አንዱ ሽማግሌ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"እሺ፣" አለ ዒጋል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኛ የመጣነው ደሙን ለማድረቅ ነው።"

ሸምሶ ደነገጠች። "ኧረ አትንኩብኝ! እኔው እያደረቅሁት ነው!" አለችና ሳንቃውን በሁለት እጇ ከለለችው።

ዒጋል ብርጭቆዎቹን አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ዝንቦቹን አየ። ከዚያ ገዲን ፈለገው። ገዲ ከግቢው የውኃ በርሜል ጀርባ ተደብቆ ነበር። ነገሩ እየተጠያየቀ፣ እየተተረጎመ፣ ቀስ በቀስ ሲገለጥ ያ ሁሉ ሽማግሌ በሳቅ ወደቀ። በበትሩ ተደግፎ የሳቀ አለ፤ ጥምጥሙ የተፈታበት አለ። ሙክቶቹ ሳይቀሩ ጮኹ። ሸምሶ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። አብዲቃድር ነው። ለካ ከሽማግሌዎቹ ኋላ በር ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ከስቷል፤ ጢሙ ነጥቷል። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ቀስ እያለ መጥቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። እጁን ዘረጋ።

"ልጄ፣" አለ፣ "ደም መፈለግሽ እውነት ከሆነ የእኔን ውሰጂ።"

ሸምሶ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ሃያ አራተኛው ነው፤ ትፈልገዋለች። ግን አባቷ ዘጠኝ ዓመት ስሙን ያልጠራውን ሰው እጅ አባቷ እያየ ትይዛለች? የወርሳሜ ነገር መጣባት፤ የመኪናው በር፣ ፊደሉ፣ ጣቱ። መርፌውን አስቀመጠችና ወደ አባቷ ዞረች። በውስጧ ቆርጣለች፤ አይሆንም ካለ ይቅር። ማዕረጉም ይቅር፣ ድሬም ይቅር።

ዋበሪ የተዘረጋውን እጅ ብዙ ጊዜ አየው። ያ ውኃ የቧጠጠው ጠባሳ ከአውራ ጣቱ እስከ ክንዱ አለ።

"ውሰጂ" አለ ዋበሪ።

ዒጋል ሽማግሌ ነውና የወደቀች ቃል አታመልጠውም። "ዋበሪ፣ ማጉን ተቀበልክ ማለት ነው?"

"ገንዘብ አልቀበልም ነበር ያልኩት" አለ ዋበሪ። "ይሄ ገንዘብ አይደለም። ልጄ ትቀበል። ወርሳሜ ቢኖር ኖሮ ለእሷ ስጡ ነበር የሚለው።"

ሸምሶ የአብዲቃድርን ጣት በጥጥ ጠርጋ ወጋችው። ጠብታዋ ወጣች። በብርጭቆ ጠርዝ ገፋ አድርጋ አሳሳቻትና ከሌሎቹ ጎን አኖረቻት። ያ ትልቅ ሰውዬ ዕንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ፣ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ከሳንቃው አልተነሣም፤ ዝንቡን ሲያባርር ቆየ።

"ማግ በአንድ ሰው አይከፈልም" አለ ዒጋል። "ዘመድ በሙሉ ነው የሚያዋጣው። ስንት ቀረሽ ልጄ?"

"መቶ ሰባ ስድስት" አለች ሸምሶ።

"ከግመል ይቀላል" አለ ዒጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት በድሬ ተነግሮ አያልቅም። የአብዲቃድር ወገኖች ከመጋላ፣ ከመልካ ጀብዱ፣ ከየመንደሩ በጭነት መኪና እየተጫኑ መጡ። አሽከርካሪው ዋበሪ ራሱ ነበር። ሴቱ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌው ተደግፎ ጣቱን ይዞ ይሰለፋል። አንዱ በሳምንት ሁለቴ ተሰልፎ ተያዘና፣ "አጎቴ ታሞ ነው፤ የሱን ልክፈል ብዬ እኮ ነው!" አለ። ያቺ በር የዘጋች ባልቴትም፣ ከማንም ወገን ሳትሆን፣ "ሰው ሁሉ ሲሰጥ እኔ ምን ሆኜ" ብላ መጣች። ገዲ አፉን እንዳይከፍት በአላህ አስምለውት በምልክት ሰልፍ ያስጠብቅ ነበር። ጳጉሜን አንድ ቀን ሁለት መቶኛዋ ብርጭቆ ደረቀች። ሠላሳ አንድ ሰው ላይ ወባ ተገኘ፤ ስማቸውን ጽፋ ለሆስፒታሉ ሰጠች፤ ኪኒናቸውን ዋጡ።

በ1958 ሸምሶ በማዕረግ ተመረቀች። ዋበሪ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ትከሻዋን አየ፤ ኮከብ የለም። "ረስተውት ነው" አለ፤ እስኪያረጅ ድረስ ይሄንኑ ነበር የሚለው። የምትሠራበትን ከተማ ስትጠየቅ ሸምሶ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ያ ሙቀት ፊቷን ሲመታት፣ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ሹራቧን አወለቀች፤ ዳግመኛም አልለበሰችውም።

አብዲቃድር በየዓመቱ ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ወደ ላቦራቶሪዋ ይመጣል። አያመውም፤ ምንም አልሆነም። ጣቱን ዘርግቶ "ማጌን አልጨረስኩም" ይላል። ዋበሪም መኪናውን ትቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ያን ቀን እየመጣ ሆስፒታሉ ግቢ፣ አንድ ኒም ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሻይ ይጠጣሉ። ብዙም አያወሩም። ስም መጥራት ግን ለዋበሪ እንደከበደው ነበር፤ "መጣ?" ይላታል ሸምሶን፤ እሷም ማንን እንደሚል ታውቃለች።

በ1965 ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን አብዲቃድር አልመጣም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዋበሪ አንዴ ተነሥቶ በሩን አየ፤ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ።

"አቦ ሸምሶ፣ አብዲቃድር የት ቀረ?" አላት። ስሙን ጠራው፤ አንደበቱ እንዴት እንደተፈታ ራሱም ልብ አላለም። መልስ አልጠበቀም፤ በትሩን አንሥቶ ወጣ።

ሸምሶ ሥራዋ በእጇ አልያዝ አላት። ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በተኛበት በዚያ ጸጥታ፣ ከግቢው በር ድምፅ ሰማች። ወጥታ ስታይ አባቷ ነው፤ የአብዲቃድርን ክንድ በአንገቱ ላይ አድርጎ እየተሸከመው ይመጣል። አብዲቃድር በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል። የአባቷ ሽርጥ ጫፍ እስከ ጉልበቱ በደቻቱ አሸዋ ተለውሷል፤ ዞሮ አልመጣም፤ ወንዙን አቋርጦ ነው የመጣው።

"ናያ፣ አንቺ ሸምሶ!" ብሎ ጮኸ ዋበሪ ከሩቅ። "ቶሎ በይ፣ መርፌሽን አምጪ! ወንድሜን ንዳድ ይዞብኛል!"